የጉና ውኃ ባለዕዳው ማን ነው? የአካባቢ ፍትሕና የአረንጓዴ ልማት አመራር በጋይንት ደጋ

ንፋስ መውጫ ከወረታ ወደ ወልዲያ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ የምትገኝ የላይ ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ያለችበት የደጋ ሸንተረር የውኃ መከፈያ ነው፤ በአንድ ወገኑ የሚዘንበው ዝናብ ወደ ተከዜ ይሄዳል፣ በሌላ ወገኑ የሚዘንበው ወደ በሽሎ ወርዶ ዓባይን ይቀላቀላል። ወደ ምዕራብ ሲታይ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለውና ላይ ጋይንት፣ ፋርጣና እስቴ የሚጋሩት የጉና ተራራ ይነሣል። ከጉና ምዕራባዊ ተዳፋት የሚወርዱት ርብና ጉማራ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ሐይቅ ይገባሉ።

ይህ ደጋ እንግዲህ የብዙ ወንዞች ራስ ነው። ይሁን እንጂ ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ከታቀፉት፣ ዓመቱን የሚያደርስ እህል ከማያመርቱት የአማራ ክልል ወረዳዎች መካከል ይቆጠራሉ። ውኃው ከዚህ ይነሣል፤ ውኃው የሚያለማው ሩዝና አትክልት ግን በሌላ ቦታ ይበቅላል። ስለ አካባቢ ፍትሕ በጋይንት ለመነጋገር መነሻው ይኸው የላይና የታች ልዩነት ነው። የዚህ ጽሑፍ ጭብጥም ከዚሁ ይወጣል፦ ተራራውን የማልማቱ ሥራ ከሞላ ጎደል የታወቀ ቴክኒክ ነው፤ ያልተፈታው ጥያቄ ለልማቱ ከግጦሽና ከማገዶ የታቀበው ሰው ስለ መታቀቡ ምን ያገኛል የሚለው ነው፤ የአመራር ችሎታም የሚፈተነው በዚህ ጥያቄ ነው።

ጽንሰ ሐሳቡና የሕጉ መሠረት

«የአካባቢ ፍትሕ» የሚለው አነጋገር በዓለም ዘንድ የታወቀው በአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 በሰሜን ካሮላይና ግዛት የዋረን አውራጃ ነዋሪዎች፣ በአብዛኛው ጥቁር አሜሪካውያን፣ በመርዛማ ኬሚካል የተበከለ አፈር በአካባቢያቸው እንዳይቀበር ያደረጉት ተቃውሞ የእንቅስቃሴው መነሻ ተደርጎ ይጠቀሳል። በዚያ የነበረው ጥያቄ ቆሻሻው ለምን ሁልጊዜ በድሀው ደጃፍ ይጣላል የሚል ነበር። በኢትዮጵያ ደጋ ግን ለክፍፍል የሚቀርበው ነገር ቆሻሻ አይደለም። ግጦሽ፣ ማገዶ፣ ሣር፣ ውኃና የጉልበት ቀን ነው። ስለዚህ ከአሜሪካው ልምድ የሚወሰደው መልሱ ሳይሆን ሦስቱ መጠይቆች ናቸው፦ ሸክሙና ጥቅሙ እንዴት ተከፋፈለ፤ ውሳኔው በማን ፊት ተወሰነ፤ በውሳኔው ውስጥ እንደ ሰው የተቆጠረውና ያልተቆጠረው ማን ነው።

የኢትዮጵያ ሕግ ለእነዚህ መጠይቆች እንግዳ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንዑስ አንቀጽ 1 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። አንባቢዎች አዘውትረው የሚጠቅሱት ይህን ነው። ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ንዑስ አንቀጽ 2 ግን ለጋይንት ይበልጥ ይጠቅማል፤ መንግሥት በሚያካሂዳቸው ፕሮግራሞች ምክንያት የተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው የተነካባቸው ሰዎች ተመጣጣኝ የገንዘብ ወይም ሌላ አማራጭ ማካካሻ የማግኘት መብት አላቸው ይላልና። ግድብ ወይም መንገድ ሲሠራ ይህ ድንጋጌ ይታወሳል። የግጦሽ ተራራ «ለተፈጥሮ ጥበቃ» ሲዘጋ ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም ክልከላው ልማት እንጂ ጉዳት ሆኖ ስለማይመዘገብ። አንቀጽ 92 ደግሞ የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮግራም የሚነካቸው ሰዎች በዝግጅቱም በአፈጻጸሙም ሐሳባቸውን የመግለጽ መብት እንዳላቸው ያስቀምጣል።

አረንጓዴ ኢኮኖሚን በተመለከተ ኢትዮጵያ የአየር ንብረት ለውጥን የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂዋን ይፋ ያደረገችው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ግቡ እ.ኤ.አ. በ2030 የአገሪቱ የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀት በተለመደው አካሄድ ከሚደርስበት 400 ሚሊዮን ቶን ይልቅ በ150 ሚሊዮን ቶን አካባቢ እንዲወሰን ነበር። የታቀደው ቅነሳ ከፍተኛ ድርሻ የሚገኘው ከደንና ከግብርና እንደሆነ ሰነዱ ያሳያል። ይህ በቴክኒክ ዐይን ትክክለኛ ስሌት ነው። በፍትሕ ዐይን ሲታይ ግን ከባዱ ሥራ የወደቀው ፋብሪካም መኪናም በሌለው ገበሬ ትከሻ ላይ ነው ማለት ነው። ስትራቴጂው አካታች መሆን አለመሆኑ የሚለየውም አዲስ አበባ ባለ ጽሕፈት ቤት ሳይሆን በአንድ ጎጥ የሣር ክፍፍል ላይ ነው።

የክልከላ ዋጋ

የተጎዳ ተዳፋት እንዲያገግም ቀላሉ መንገድ ከሰውና ከከብት መከለል ነው። እርከን ይሠራል፣ ክትር ይሠራል፣ ልቅ ግጦሽ ይቆማል፣ ጥበቃ ይቀጠራል። በጥቂት ክረምቶች ሣሩ ይመለሳል፤ ቀጥሎ ቁጥቋጦው፣ ከሥር ደግሞ ምንጩ ይከተላል። በጋይንት ይህን ሥራ በዋናነት የሠራው የሴፍቲኔት ተጠቃሚው ነው። በፕሮግራሙ ደንብ መሠረት ጉልበት ያለው ተጠቃሚ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር እስከ 5 ቀን በማኅበረሰብ ሥራ ተሰማርቶ እህል ወይም ገንዘብ ይቀበላል፤ አረጋውያን፣ ሕሙማንና ጉልበት የሌላቸው ያለ ሥራ ቀጥተኛ ድጋፍ ያገኛሉ። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በየዓመቱ በበጋ ወራት በነጻ ጉልበት የሚካሄደው የተፋሰስ ልማት ዘመቻ ተጨምሮበታል።

ጉልበቱ ከሚታየው ወጪ ይቆጠራል። የማይታየው ወጪ ሌላ ነው። የጋራ ግጦሽ ሲዘጋ አምስት በሬና ላም ያለው ገበሬ ገለባና የማሳ ዳር ሣር አለው፤ ካነሰውም ይገዛል። ሁለት በግ ብቻ ያላት ባል አልባ እማወራ ግን በጎቿን የምታሰማራው በዚያው ተራራ ነበር። ማሳዋን በሬ ላለው ሰው በእኩል ሰጥታ ስለምታሳርስ ገለባውም ቢሆን ከግማሽ በላይ አይደርሳትም። መሬት የሌለው ወጣትም እንዲሁ ነው፤ በክልሉ ሰፊ የመሬት ሽግሽግ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ1989 ዓ.ም. በመሆኑ ከዚያ በኋላ ለአቅመ አዳም የደረሱት አብዛኞቹ የእርሻ ድርሻ የላቸውም። ለእነርሱ የጋራው ተራራ ብቸኛው «መሬት» ነበር። በግል ማሳ ላይ የሚሠራው እርከንም ከወጪ ነጻ አይደለም፤ ከጠባብ ማሳ ላይ አንድ ሰቅ ይወስዳል፣ የድንጋዩ ካብም የአይጥ መሸሸጊያ ይሆናል። ባለሙያዎች ገበሬው እርከን የሚያፈርሰው ካለማወቅ ነው ሲሉ ይደመጣሉ። አይጥ ገብሱን የሚበላበት ሰው ግን ማወቁን አያጣውም።

ያገገመው ተራራ ሣር ሲሰጥ የክፍፍሉ ጥያቄ ይነሣል፤ በዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ የክፍፍል ስልት ፍትሐዊ የሚመስልበት ምክንያት ይዞ ስለሚመጣ። አንደኛው ስልት ሁሉም እንደ አቅሙ አጭዶ ይውሰድ የሚል ነው። ይህ ነጻ ይመስላል፤ በተግባር ግን ብዙ ልጆችና ብዙ ከብት ላለው ቤተሰብ ያደላል። ሁለተኛው በአባወራ እኩል መክፈል ነው። ከብት የሌላት ሴት ድርሻዋን ለጎረቤት ሸጣ ጨው ወይም ዘይት ልትገዛበት ስለምትችል ይህ ለድሀው ይሻላል፤ ነገር ግን ከወላጆቹ ጋር የሚኖረው ያላገባ ወጣት እንደ አባወራ ስለማይመዘገብ ከዝርዝሩ ይወጣል። ሦስተኛው በሠሩበት ቀን ልክ ማካፈል ነው፤ እዚህ ላይ በሕመም ወይም በእርጅና በቀጥታ ድጋፍ ያለው ይጎድላል። ሣሩን በጨረታ ሸጦ ገንዘቡን በጋራ ሣጥን ማስቀመጥም ይቻላል። ይህ ለሒሳብ ይመቻል፤ ገንዘቡ ወዴት እንደሄደ የሚያስረዳ ታማኝ ኦዲት ከሌለ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ መተማመንን ያጠፋል። ከእነዚህ ሁሉ የተሻለው ሁለተኛው ስልት ነው፤ ያም ቢሆን ወጣቱ ለንብ፣ ለማድለብ ወይም ለችግኝ ጣቢያ የሚሆን የተለየ ቁራሽ ካገገመው መሬት ተለይቶ ሲሰጠው ነው።

ስለ ባሕር ዛፍም አንድ ነገር ማንሳት ይገባል። ባሕር ዛፍ ውኃ ይመጣል፣ አፈር ያደርቃል እየተባለ በስብሰባ ሁሉ ይወቀሳል፤ ወቀሳውም በምንጭ ዳር ለተተከለው እውነት ነው። ለደጋው ቤተሰብ ግን ገበያ ያለው፣ በአስቸኳይ ጊዜ ተቆርጦ የሚሸጥ፣ ለቤት መሥሪያም ለማገዶም የሚሆን ተክል እርሱ ነው። ኩበት ከምድጃ ወጥቶ ወደ ማሳ እንዲመለስ የሚፈልግ ሰው በኩበት ፋንታ የሚነድ ነገር ማቅረብ አለበት፤ ዛሬ የቀረበው ደግሞ ባሕር ዛፍ ነው። አገር በቀል ዛፍ ይተከል የሚለው ምክር ወይራው እስኪደርስ ድረስ ያሉትን ዓመታት ማን ይሸፍናል የሚለውን ሲመልስ ብቻ ምክር ይሆናል።

ያለ ፈቃድ የተሠራ አረንጓዴ ምን እንደሚሆን አገሪቱ አንድ ጊዜ አይታለች። እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም የምግብ ፕሮግራም ድጋፍ በተጀመረው፣ በቁጥሩ «2488» ተብሎ በሚታወቀው ፕሮጀክትና በሌሎች የምግብ ለሥራ ዘመቻዎች በደርግ ዘመን እጅግ ብዙ እርከንና የተከለለ ደን ተሠርቶ ነበር። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ በብዙ ቦታ ገበሬው ደኑን ቆረጠ፣ ክልሉን አፈረሰ። ያፈረሰው ደን ጠልቶ አልነበረም። ደኑ «የመንግሥት» እንጂ የእርሱ ሆኖ አያውቅም ነበር። የገጠር መሬት ጥናት ትልቁ ስም ደሳለኝ ራህመቶ በጽሑፎቻቸው ደጋግመው ያመለከቱትም ከላይ የወረደ የተፈጥሮ ጥበቃ ሥር እንደማይሰድ ነው።

መሪ የሚባለው ማን ነው?

በልማት ሰነዶች «አመራር» ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው የቀበሌና የወረዳ ሹም ነው። ሹሙ ሣር አይዘጋም ባይባልም፣ እርሱ ሲዛወር ስምምነቱ አብሮት ከተዛወረ መሪነቱ ከፊርማ አልፎ አልሄደም። በተፈጥሮ ሀብት ጉዳይ መሪ ማለት ራሱ የሚያጣበትን ስምምነት ሌሎች እንዲጠብቁት ማድረግ የቻለ ሰው ነው። ለዚህ በአማራ ክልል ውስጥ ለጉና የሚቀርቡ ሁለት ምሳሌዎች አሉ።

የመጀመሪያው የመንዝ ጓሳ ነው። በሰሜን ሸዋ ከ3,200 ሜትር በላይ የሚገኘው ይህ የውርጭ ምድር በሥነ ምኅዳሩ የጉና ዘመድ ነው፤ ጓሳ ሣሩ፣ አስታው፣ ጅብራው በሁለቱም አለ። የመንዝ ሰዎች ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጓሳን በ«ቄሮ» ሥርዓት ያስተዳድሩት ነበር። በሕዝብ የተመረጠ «አባ ቄራ» ቦታውን ለዓመታት ይዘጋዋል፤ ሣሩ ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል፤ ከቀኑ በፊት የገባ ይቀጣል። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የቄሮን የርስት መሠረት አፈረሰ። ኅብረተሰቡ ግን ሥርዓቱን ጨርሶ አልተወውም፤ ከየገበሬ ማኅበራቱ በተወከሉ ሰዎች የሚመራ ሌላ ቅርጽ ሰጥቶ ቀጠለበት፤ በኋላም ቦታው በሕግ የታወቀ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆነ። የጓሳን ታሪክ በጥልቀት ያጠኑት ዶክተር ዘለዓለም ተፈራ ሥራቸው እንዲነበብ የሚያደርገው ይህን የመለወጥ ችሎታ ማሳየታቸው ነው።

ጓሳን እንደ ወርቃማ ዘመን ማየት ግን ስሕተት ይሆናል። ቄሮ የአቅኚ አባቶች ተወላጆች መብት ነበር፤ የትውልድ ሐረጉን መቁጠር ያልቻለ ሰው ከጓሳው በር ውጭ ነበር። ተራራው የተጠበቀው በከፊል ብዙ ሰው ስለተከለከለ ነው። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ በሩ ሲሰፋ ፍትሑ ጨመረ፤ ጥበቃው ግን ላላ። እንግዲህ ለጉና የሚሆነው ትምህርት የድሮውን መመለስ አይደለም። አባ ቄራን ተደማጭ ያደረገውን ነገር፣ ማለትም በሰው ፊት መመረጡን፣ የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ቀን መታወቁን፣ ለዘመድም ለባዕድም ቅጣቱ አንድ መሆኑን፣ ለሁሉም ነዋሪ በተከፈተ አባልነት ላይ መትከል ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከደቡብ ጎንደር ራሷ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ፣ ብዙ አንባቢ በ«እመጓ» ልብ ወለዱ የሚያውቀው፣ በሙያው የደን ሥነ ምኅዳር ተመራማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በኔዘርላንድስ ዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጥናት በደቡብ ጎንደር የሚገኙ 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን መርምሮ 168 የእንጨት ተክል ዝርያዎችን መዝግቧል። ጥድ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ ዝግባ ከሌላው መልክዓ ምድር ጠፍተው በአጸዱ ውስጥ ቀርተዋል። የጥናቱ ዋና ማስጠንቀቂያ ግን ትልልቆቹ ዛፎች መኖራቸው ሊያታልል እንደሚችል ነው፤ ከብት በገባበት ደን ችግኝ አይተርፍም፤ አሮጌው ሲወድቅ የሚተካው የለም። ከዚያ በኋላ ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ጋር በመሆን በአንዳንድ አድባራት ዙሪያ የድንጋይ አጥር እንዲሠራ ተደረገ። ድንጋዩ ከአጎራባች ማሳዎች የተለቀመ ነው። ገበሬው ማሳው ይጸዳለታል፤ ደኑ ከከብት ይጠበቃል።

ይህ ለምን ተሳካ ቢባል ካህናቱ ስለተቀበሉት ነው የሚለው መልስ ግማሽ እውነት ነው። ካህኑ ቃሉ ይሰማል፤ አጸዱ የታቦቱ ልብስ ነው የሚለው እምነትም ያለ ዘበኛ ይጠብቃል። ሌላው ግማሽ ግን የጥቅሙ አደረጃጀት ነው። ተመራማሪው የሳይንሱን ግኝት ይዞ መጣ፤ ካህናቱ ውሳኔውን ወሰኑ፤ ገበሬው ድንጋዩን ሲያቀብል የሚያገኘው ነገር ነበረው። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል አጥሩ አይቆምም ነበር። የቤተ ክርስቲያን ደን ትንሽ በመሆኑ የሚያስከፍለው ግጦሽም ትንሽ ነው። ጉና ግን ትልቅ ነው፤ የካህኑ ቃል ብቻውን አይበቃውም።

ከአማራ ክልል ውጭ በትግራይ የአብርሃ ወአጽብሃ መንደር ነዋሪዎች በአባ ሐዊ አስተባባሪነት ተዳፋታቸውን ከልለው የከርሰ ምድር ውኃቸውን መልሰዋል፤ በዚህም እ.ኤ.አ. በ2012 የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የኢኳቶር ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። በዚያ ያገገመው ውኃ የወጣው በራሳቸው ጉድጓድ ነው። ላይና ታቹ አንድ መንደር ስለሆነ የለፋው ራሱ አጨደ። የጋይንት ችግር የሚለየው በዚህ ነው፤ ያለፋበት ውኃ የሚወጣው ሌላ ወረዳ ነው።

በብሔራዊ ደረጃ ደግሞ በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ያረፉት ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ሊጠቀሱ ይገባል። የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ለብዙ ዓመታት የመሩት እኚህ ሰው እ.ኤ.አ. በ2000 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት ያገኙት በዓለም አቀፍ የዘረመል ሀብት ድርድር የአፍሪካን ቡድን በመምራታቸው ነበር። የሟገቱለት መርሕ፣ ሀብቱን ጠብቆ ያቆየው ማኅበረሰብ ከጥቅሙ ድርሻ አለው የሚለው፣ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 ለዘርና ለባህላዊ እውቀት ሕግ ሆኗል። ዘርን ጠብቆ ላቆየ ገበሬ የተፈቀደው መርሕ ውኃን ጠብቆ ለሚያወርድ ገበሬ የማይሠራበት ምክንያት የለም።

ከላይ ወደ ታች

ከጉና የሚወርደው ውኃ ከታች የሚያገኘው ሰፊ ኢኮኖሚ ነው። የፎገራ ሜዳ የአገሪቱ የሩዝ ማዕከል ሆኗል፤ ወረታም የሩዝ መፈልፈያ ከተማ ናት። በርብ ወንዝ ላይ የተሠራው ግድብ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ እንዲይዝ የታቀደ ነው። የእንዲህ ያለ ግድብ ዕድሜ የሚለካው በሲሚንቶው ጥንካሬ ብቻ አይደለም፤ ከላይ በሚወርደው ደለል መጠን ጭምር ነው። በጉና ተዳፋት የገብስና የድንች ማሳ ወደ ላይ በገፋ ቁጥር፣ አስታው ለማገዶ በተቆረጠ ቁጥር አፈሩ ወደ ግድቡ ይጓዛል። በተቃራኒው በተራራው ላይ የቆመ እያንዳንዱ እርከን ለታችኛው መስኖ የተከፈለ ገንዘብ ነው፤ ከፋዩ ግን የሴፍቲኔት ተጠቃሚ ነው። ተረቱ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እንደሚለው ነው፤ ልዩነቱ የጋይንቱ ገበሬ ላሟን በየዕለቱ የሚቀልብ መሆኑ ነው።

ይህን ክፍተት ለመድፈን በሌላ ዓለም የተሞከረ መንገድ አለ። የኢኳዶር ዋና ከተማ ኪቶ ውኃዋን የምታገኘው ፓራሞ ከተባለው የአንዲስ ውርጭ ምድር ነው፤ ይህ መሬት እንደ ስፖንጅ ውኃ ይዞ ቀስ እያለ ይለቃል። እ.ኤ.አ. በ2000 የከተማው ውኃ ድርጅትና አንድ የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት «ፎናግ» የተባለ የውኃ ፈንድ አቋቋሙ። በኋላም የከተማዋ ደንብ የውኃ ድርጅቱ ከገቢው 2 በመቶ ለፈንዱ እንዲያስገባ አደረገ። ገንዘቡ ለተራራ ጠባቂዎች ደመወዝ፣ ለተራቆተ መሬት ማገገሚያና ለላይኛው መንደር የኑሮ አማራጭ ይውላል። የኪቶ አሠራር ጥንካሬ የመዋጮው መጠን ሳይሆን ቋሚነቱ ነው፤ ለጋሽ ሲመጣና ሲሄድ አይወላውልም።

ወደ ጉና ሲመጣ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የኪቶ ከፋይ የከተማ ነዋሪ ነው። የፎገራ ሩዝ አምራች ግን ራሱ ጠባብ መሬት ያለው፣ ክረምት ሲበረታ ርብና ጉማራ ከዳራቸው ወጥተው ማሳውን የሚያጥለቀልቁት ገበሬ ነው። ከድሀ ወስዶ ለድሀ መስጠት ፍትሕ አይባልም። መዋጮው መነሣት ያለበት ሰፋፊ መስኖ ከሚያስተዳድረው አካል፣ ከከተሞች የመጠጥ ውኃ አገልግሎትና ከሩዝ መፈልፈያና ንግድ ነው። የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የውኃ ክፍያ ለማስከፈል በር ከፍቷል። የማኅበረሰብ ተፋሰሶች አሳታፊ ልማት፣ አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1223/2012 ደግሞ የተፋሰስ ተጠቃሚዎች ማኅበራት ሕጋዊ ሰውነት እንዲኖራቸው አድርጓል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ሕጋዊ ሰውነት ያለው ማኅበር የባንክ ሒሳብ ይከፍታል፣ ውል ይፈርማል፣ ይከሳል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 የማኅበረሰብ ደንን በባለቤትነት ዓይነትነት ያወቀ መሆኑም ከዚሁ ጋር ይደመራል። በወላይታ ሁምቦ 2,728 ሄክታር የተራቆተ መሬት ያለሙ ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ከካርቦን ሽያጭ ገቢ ማግኘት የቻሉት መጀመሪያ በመሬቱ ላይ የታወቀ መብት ስለነበራቸው ነው።

ሕጉ ካለ የቀረው አመራር ነው። በላይ ያለው ማኅበር ብቻውን ውል ሊፈርም አይችልም፤ ከታች ፈራሚ ያስፈልገዋል። ጉናን የሚጋሩት ወረዳዎች በተናጠል ሲሠሩ አንዱ የዘጋውን ሌላው ይከፍታል፤ ከብት የወረዳ ድንበር አያውቅም። ስለዚህ የሚፈለገው መሪ ከላይ ጋይንት፣ ከእስቴና ከፋርጣ ተወካዮችን በአንድ አባ ቄራ መሰል ጉባኤ ያስቀመጠ፣ ከወረታም ከፋይ ያመጣ ነው። በደብረ ታቦርና በባሕር ዳር ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች በዚህ ውስጥ ያላቸው ድርሻ የዓለማየሁ ዋሴ ዓይነት ነው፦ ከአንድ የተከለለ ተዳፋት ሥር የሚወርደው ደለል ካልተከለለው ጋር ሲነጻጸር ስንት እንደሆነ መለካት። ያለዚህ ቁጥር ከታች ያለው አካል ስለ ምን እንደሚከፍል አያውቅም።

ይህ ሁሉ በሰላም ላይ የቆመ እንደሆነ መዘንጋት አይቻልም። ጦርነት በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ንፋስ መውጫን ደርሶባታል፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናል እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 ባወጣው ዘገባ በከተማዋ ሴቶች ላይ የተፈጸመውን ጥቃት መዝግቧል። ጥበቃ የሚከፈለው ሲያጣ፣ የግብርና ባለሙያው ወደ ቀበሌ መውጣት ሲያቅተው፣ ቤተሰብ በአንድ ሌሊት ጥሪቱን ሲያጣ በመጀመሪያ የሚፈርሰው የሣር ክልከላ ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ቆሞ የሚቀረው በጽሕፈት ቤት ላይ ሳይሆን በእድርና በሰበካ ላይ የተተከለ ስምምነት ነው።

ተግባራዊው ሥራ የሚጀመረው ከአባላት መዝገብ ነው። የተፋሰስ ማኅበሩ አባል ለመሆን የመሬት ይዞታ ደብተር የሚጠየቅ ከሆነ ወጣቱ ከመጀመሪያው ገጽ ውጭ ነው። በአማራ ክልል የባልና የሚስት ስም በአንድ ደብተር መሥፈሩ ትልቅ እርምጃ ቢሆንም፣ በማኅበሩ መዝገብ ላይ አንድ ቤት በአንድ ድምፅ ከተቆጠረ በጉባኤው ላይ የሚናገረው በአብዛኛው ባልየው ነው። የቀጥታ ድጋፍ ተቀባዩም እንዲሁ ይታያል፤ ድንጋይ አልተሸከመም ተብሎ ከሣሩ ድርሻ ሊወጣ አይገባም፤ እርሱም በጎቹን ከተራራው አውርዷል። ስለዚህ አባልነት ዕድሜው 18 ዓመት ለሞላው ለእያንዳንዱ ነዋሪ ቢሆን፣ ድርሻውም ከሠራው ቀን ሌላ ከግጦሽ በመታቀቡ ቢታሰብ፣ ከወረታ የሚመጣው ገንዘብ ሲደርስ በማን ስም እንደሚከፋፈል አስቀድሞ የታወቀ ይሆናል።